«ስለ በዓሉ ድርሰት ጻፉ» የሚለው ትእዛዝ ይቅር

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ነሐሴ 13 ቡሄ፣ መስከረም 1 እንቁጣጣሽ፣ መስከረም 17 መስቀል። ስድስት ሳምንት በማይሞላ ጊዜ ውስጥ ሦስት በዓል፣ ያውም አብዛኛው ልጆች ደብተር ዘግተው በሚውሉበት ወቅት። ጋዜጦች የልጆች ገጻቸውን የሚያሰፉት፣ ቤተ መጻሕፍትና የክረምት ትምህርት ማዕከላት የድርሰት ውድድር የሚጠሩት ያኔ ነው። ጥሪው መልካም ነው፤ ትእዛዙ ግን ከዓመት ዓመት ያው ነው፦ «ስለ በዓሉ ድርሰት ጻፉ»።

አማርኛ የምናስተምርና የልጆችን ጽሑፍ የምናርም ሰዎች የዚህን ትእዛዝ ውጤት ሳናነበው እናውቀዋለን። ድርሰቱ «በዓሉ በአገራችን በደማቅ ሁኔታ ይከበራል» ብሎ ይጀምራል። መሐል ላይ ዶሮ ይታረዳል፣ ቡና ይፈላል፣ ዘመድ ይጠያየቃል። «መልካም በዓል» ብሎ ያልቃል። የ9 ዓመት ልጅም፣ የ16 ዓመት ወጣትም ይህንኑ ይጽፋሉ። ስንፍና አይደለም። ርዕሱ አገር የሚያህል ስለሆነ ልጁ በዓይኑ ያየውን ትቶ የዜና አንባቢን ድምፅ ይዋሳል። ርዕሱ ይጥበብ፣ ሕጉ ይብዛ፣ ቅርጹም ልጆቹ በበዓል ከሚጫወቱት ጨዋታ ከራሱ ይወሰድ እንላለን። ሕግ ሲበዛ ልጅ ይጨነቃል የሚል ወገን አለ። ልጆች ሲጫወቱ ቆሞ ያየ ግን ጊዜያቸውን ከጨዋታው ይልቅ በሕጉ ክርክር እንደሚፈጁት ያውቃል።

ከቡሄ እንጀምር። በሆያ ሆዬ አውራጁ ያወርዳል፣ ተቀባዮቹ «ሆ» ይላሉ፣ ዱላው መሬቱን ይመታል። ምቱ በአብዛኛው አጭር ነው፤ አራት ቀለም፣ ትንፋሽ፣ እንደገና አራት ቀለም። ቀለም ስንል በአንድ ጭብጨባ የሚባለውን የድምፅ ቁራጭ ነው። ስለዚህ ለልጆቹ የሚሰጠው ሥራ እንዲህ ሊሆን ይችላል፦ አምስት ወይም ስድስት ሆናችሁ ተቧደኑ፤ እያንዳንዳችሁ ስምንት ስምንት ቀለም ያላቸው ሁለት ስንኞች ጻፉ፤ ስንኞቹ ስለምትሄዱበት ቤት ወይም ግቢ አንድ በዓይን የሚታይ ነገር ይናገሩ። «ቤታችሁ ይባረክ» ብቻ አይበቃም። በሩ ምን ዓይነት ነው? ውሻው ታስሯል ወይስ ተፈትቷል? ሙልሙሉን ይዞ የሚወጣው ማን ነው?

እዚህ ላይ የሚበላሸው ቆጠራው ነው። ልጆች ቀለም ቁጠሩ ሲባሉ ፊደል ይቆጥራሉ። «አዲስ ዓመት» በወረቀት ላይ ስድስት ፊደል ነው፤ በጆሮ ግን አራት ቀለም ብቻ ነው፦ አ–ዲስ፣ ዓ–መት። ሳድሶቹ «ስ» እና «ት» ከቀዳሚያቸው ጋር ተጣብቀው ይነበባሉ። «ልብስ» ሦስት ፊደል ሆኖ አንድ ቀለም ነው። ፊደል የቆጠረ ልጅ ስንኙ ሞልቶልኛል ብሎ ይቀመጣል፤ ሲዜም ግን ዱላው የሚያርፍበት ቃል ያጣል። ስለዚህ እርሳስ ይቀመጥ፣ በጭብጨባ ይቆጠር። ስንኙ በጭብጨባ ካልሄደ በወረቀት ላይ የቱንም ያህል ቢያምር ይስተካከል።

ሁለተኛው ችግር ቤት መምታቱ ላይ ነው። አማርኛ ዓረፍተ ነገሩን በግስ ስለሚዘጋ የልጆች ግጥም ሁሉ «መጣ» ከ«ወጣ»፣ «ደረሰ» ከ«ፈረሰ» እያለ ይነጉዳል። ይህን ተመልከቱ፦

ዶሮው ዛሬ አመለጠ፣
እኛ ግቢ ገብቶ ሮጠ።

ምቱ ሙሉ ነው፣ ቤቱም ይመታል፤ ስህተት የለበትም። ሆኖም ጆሮ ላይ የሚቀር ነገር የለውም። ልጁን «ግሱን ከመጨረሻው አንሣው፣ ስንኙን በስም ዝጋው» በሉት፦

አመለጠ ቀዩ ዶሮ፣
ዘሎ ገባ እኛ ጓሮ።

አሁንም ስምንት ስምንት ቀለም ነው። ግን ዶሮው ቀይ ሆኗል፣ ግቢው ጓሮ ሆኗል፣ ሩጫው ዝላይ ሆኗል። ልጁ የሚታይ ነገር ለመጻፍ አላሰበም፤ በስም ዝጋ የሚለው ሕግ ወደ ሚታይ ነገር ገፋው። ለዚህ ልምምድ አስቀድሞ የቃል ስንቅ መሰብሰብ ያስፈልጋል። ሰሌዳ ላይ በ«ሮ» የሚያልቁ ስሞች ይጻፉ፦ ከበሮ፣ ጆሮ፣ ኑሮ፣ ቀጠሮ፣ ቋጠሮ፣ እንጉርጉሮ። በ«ባ» ደግሞ አበባ፣ ካባ፣ ገለባ፣ ሌባ። በሳድስ የሚያልቁ ቃላት ግን ጥንቃቄ ይፈልጋሉ፤ የመጨረሻው ፊደል መመሳሰሉ ብቻውን አይበቃም። «ቤት» ከ«ስሌት» ጋር ይገጥማል፣ ከ«ሌሊት» ጋር ግን ዓይንን እንጂ ጆሮን አያታልልም።

ይኸው ዘዴ ለእንቁጣጣሽ ልጃገረዶች «ለምለም» እያሉ ለሚቀበሉት ዜማም፣ በነሐሴ አጋማሽ በሰሜኑ ለሚዜሙት ለሻደይ፣ ለአሸንድዬ፣ ለሶለልና ለአሸንዳም ያገለግላል። ቋንቋውና ተቀባዩ ይለያያል፤ ማጨብጨቡ አንድ ነው።

ከ8 እስከ 12 ዓመት ላሉት ደግሞ ከእንቆቅልሽ የተሻለ የጽሑፍ ልምምድ አናውቅም። አጭር ነው፣ አንባቢው እዚያው ፊታቸው አለ፣ መልሱ ሲገኝ ወይም ሲጠፋ ጽሑፉ መሥራት አለመሥራቱ ወዲያው ይታወቃል። ልጁ አንድ የበዓል ዕቃ ይምረጥ፦ ቄጠማ፣ ጅራፍ፣ ችቦ፣ ከበሮ፣ ጀበና። ስለ ዕቃው ስድስት እውነተኛ ነገር ይጻፍ። ከዚያ ቀለሙንና ሥራውን ይሰርዝ፤ መልሱን የሚያጋልጡት እነሱ ናቸው። ከቀሩት ውስጥ እርስ በርስ የሚጋጩ የሚመስሉ ሁለቱን ያጋጥም። «አረንጓዴ ነኝ፣ በበዓል ወለል ላይ እነጠፋለሁ» ያለ ልጅ ገና ሳይጠይቅ መልሷል። ቀለምና ሥራ ሲወጣለት ያው ቄጠማ «ቆሞ ውሃ ጠጣ፣ ተኝቶ እንግዳ ተቀበለ» ይሆናል። ሌላው የተለመደ ጥፋት ጠያቂው ብቻ የሚያውቀው ነገር ነው፤ «አክስቴ የሰጠችኝ» ዓይነት። እንቆቅልሽ ሲፈታ መላሹ በራሱ መናደድ አለበት፤ በጠያቂው ከተናደደ እንቆቅልሹ ተበላሽቷል።

መላሹ ሲያቅተው ጠያቂው «አገር ስጠኝ» ይላል። አገር ከተሰጠው በኋላ እዚያ ገብቶ ያገኘውን እያጋነነ ያወራል። ይህ ክፍል ሳይነገርለት የኖረ የትረካ ልምምድ ነው። ለጽሑፍ ስናውለው አገሩን ትንሽ እናድርገው፦ በዓል ዋዜማ ላይ ያለው ጓዳ፣ አልጋ ሥር፣ የልብስ ሣጥኑ። ልጁ እዚያ «ይሄዳል»፣ በ120 ቃል ይመለሳል። ሦስት ያየው፣ አንድ የሰማው፣ አንድ ያሸተተው ነገር ይኑር። አራት ቃላት ደግሞ ክልክል ናቸው፦ ደማቅ፣ ውብ፣ ልዩ፣ ደስታ። ክልከላው ቀልድ ይመስላል፤ ግን አንድን ገጽ በዚህ ያህል ፍጥነት የሚለውጥ ሌላ ዘዴ የለም። ደስታ የሚለውን ቃል የተከለከለ ልጅ የሚደሰት ሰው እጁን ምን እንደሚያደርገው ለመጻፍ ይገደዳል።

ገና ፊደል ለቆጠሩት ትንንሾቹ ሥራው በእጅ የሚያዝ ነገር ቢሆን ይመረጣል። በእንቁጣጣሽ ልጆች አበባ ስለው ለጎረቤት የሚያዞሩት ልማድ አለ፤ በሥዕሉ ላይ ለዚያ ጎረቤት ብቻ የሚሆን አንድ ዓረፍተ ነገር እንዲጨምሩ ማድረግ በቂ ነው። «እንኳን አደረሰዎት» የተለመደው ነው፣ ይቀመጥ። ከሥሩ «እትዬ፣ ኳሳችንን ስለመለሱልን እናመሰግናለን» የሚል ሲመጣ ካርዱ ባለቤት አገኘ።

ትንሽ መጽሐፍ መሥራትም ይቻላል፤ አንድ ኤ4 ወረቀትና መቀስ ይበቃል። ወረቀቱን ሦስት ጊዜ ለሁለት እያጠፋችሁ ዘርጉት፤ ስምንት እኩል ክፍል ይወጣዋል። ከዚያ አጭሩን ጠርዝ ከአጭሩ ጠርዝ ጋር አግጥማችሁ አንዴ እጠፉት፤ ከታጠፈው ወገን ጀምራችሁ በመሐለኛው መስመር ላይ እስከሚቀጥለው እጥፋት ድረስ ብቻ ቁረጡ፤ 7 ሴንቲ ሜትር ከግማሽ ገደማ ነው። ዘርግታችሁ በቁመቱ ለሁለት እጠፉት፤ ሁለቱን ጫፎች ይዛችሁ ወደ መሐል ስትገፉ ቅዱ ይከፈታል፤ ገጾቹን አንድ ላይ ጠቅልሉ። 7 ከግማሽ በ10 ከግማሽ ሴንቲ ሜትር ገደማ የሚሆን ባለ ስምንት ገጽ መጽሐፍ ይሆናል። ሁለት ጥፋቶች ይደጋገማሉ። መቀሱ ከእጥፋቱ ካለፈ መጽሐፉ ለሁለት ይከፈላል። ሳይታጠፍ ከተጻፈበት ደግሞ ግማሹ ገጽ ተዘቅዝቆ ይገኛል፤ ስለዚህ ከታጠፈ በኋላ የገጽ ቁጥር በእርሳስ ይደረግ፣ ከዚያ ይጻፍ። በአንድ ገጽ ከ15 ቃል በላይ አይጠየቅ፣ መስመሮቹም በ1 ሴንቲ ሜትር ልዩነት ይሰመሩ፤ የትንሽ ልጅ እጅ ከዚያ ባነሰ ቦታ «ጨ»ንና «ጬ»ን ለይቶ አይጽፍም። ወፍራም ካርቶን አያስፈልግም፤ ሦስተኛው እጥፋት ላይ ይሰነጠቃል። በፍሎማስተር ከተጻፈ ቀለሙ ወደ ጀርባው ይዘልቃል።

በዕድሜ መሐል ላሉት የዶሮው ደብዳቤ አይጠገብም። ዋዜማ ላይ እግሩ በሲባጎ የታሰረ ዶሮ ለቤቱ ሰዎች ይጽፋል። ሁሉም ልጅ በሳቅ ይጀምረዋል፤ ሁለተኛው አንቀጽ ላይ ግን ዶሮው ስለ እንስሳት መብት ንግግር ማድረግ ይጀምራል፤ ጽሑፉ እዚያው ይሞታል። ልጁን ቁጭ አድርጋችሁ ዓይኑን ወደ ዶሮ ቁመት ዝቅ አስደርጉት። ከዚያ ምን ይታያል? ጫማ። የበርጩማ ሆድ። የወደቀ የሽንኩርት ልጣጭ። የቤቱ እመቤት ከጉልበት በላይ የለችም፤ ነጠላ ጫማዋ ግን ሲቀርብና ሲርቅ ይሰማል። ዶሮው ቢላዋውን አያይም፣ ሲሳል ይሰማዋል። ልጁ ከዚያ ቁመት ወደ ላይ እንዳይወጣ እስከ ጠበቃችሁት ድረስ ደብዳቤው አይበላሽም።

ወጣቶቹን፣ ማለትም ከ13 እስከ 18 ያሉትን፣ በትንንሾቹ ሥራ መያዝ አይቻልም። እነሱን የሚይዛቸው ብልጠት ነው፤ ብልጠት ደግሞ በቅኔ በኩል ይገባል። ሙሉ ቅኔ ይቅርና በመጥበቅና በመላላት የሚለዋወጡ ቃላትን ሰብስቡ ብትሏቸው አንድ ከሰዓት ያልቅላችኋል። «ሰፊ» ሲላላ ልብስ የሚሰፋው ነው፣ ሲጠብቅ ጠባብ ያልሆነው። «በራ» ሲጠብቅ ችቦው ነው፣ ሲላላ የአንዳንድ ሰው አናት። «ገና» ሲላላ ጊዜው አልደረሰም ማለት ነው፣ ሲጠብቅ የታኅሣሡ በዓል። ጽሕፈታችን መጥበቅን ስለማያሳይ በወረቀት ላይ ሁለቱም አንድ ናቸው፤ ኅብሩን፣ ማለትም አንዱ ቃል ሁለት ትርጉም መያዙን፣ የሚያስገኘውም ይኸው ነው። ከዚያ በወል ቤት፣ በስድስት በስድስት ቀለም፣ ሁለት ስንኝ ይጠየቁ፦

ልብስ ግዛልኝ ብዬ አባቴን ጠይቄ፣
ገና ነው ቢለኝም ተመለስኩ ስቄ።

አባት አላልቶ ተናገረ፣ ልጅ አጥብቆ ሰማ። የጀማሪዎች ስህተት ሰሙን፣ ማለትም ላይ ላዩን የሚሰማውን ትርጉም፣ መርሳት ነው። ሁለተኛው ትርጉም እንዲወጣ ሲታገሉ የመጀመሪያው ትርጉም የማይል ነገር ይሆናል። ስለዚህ ፈተናው ቀላል ነው፤ ኅብሩን ለማያውቅ ሰው ይነበብለት፣ እሱም ሳይቸገር አንድ ትርጉም ያግኝለት። ያ ከሌለ ወርቁ፣ የተደበቀው ትርጉም፣ የሚቀመጥበት ሰም የለም።

ሌላው የሚወዱት የተዋሱትን ቅርጽ ማጣመም ነው። አሮጌው ዓመት ለአዲሱ ርክክብ ያደርጋል፤ ንብረቱ ሞዴል 19 በሚባለው የንብረት ገቢ ቅጽ ላይ እንደሚሞላ በተራ ቁጥር፣ በመጠን፣ በምርመራ (በአስተያየት) ይዘረዘራል። «ኩርፊያ፣ ብዛት 2፣ አንዱ ያገለገለ። ያልተመለሰ መጽሐፍ፣ ብዛት 1፣ ሽፋን የለውም።» በአቆጣጠራችን ዓመታቱ በማቴዎስ፣ በማርቆስ፣ በሉቃስና በዮሐንስ ስም ስለሚፈራረቁ አስረካቢና ተረካቢ ስም አላቸው፤ ጸሐፊው ያንን መጠቀም ይችላል። ደንቡ አንድ ነው፤ የዕቃ ክፍል ሠራተኛ ቋንቋ እስከ መጨረሻው አይለቀቅ፤ ስሜት በሰነዱ ውስጥ ራሱ አምልጦ ይውጣ እንጂ «አዝኛለሁ» ተብሎ አይጻፍ።

ጳጉሜን ራሷ የተዘጋጀች ደብተር ናት። አምስት ቀን ናት፣ በሉቃስ ዘመን ማብቂያ ስድስት። በየቀኑ አንድ ዓረፍተ ነገር፣ ከ20 ቃል ያልበለጠ፣ በዚያ ቀን ቤት ውስጥ ስለ ተለወጠ አንድ ነገር። መጋረጃው ታጠበ፤ ወንበር ተበደረ፤ የወንድሜ ጫማ ጠበበው። ማስታወሻ ጀምሮ በሦስተኛው ቀን የሚያቆም ልጅ ይህን ይጨርሰዋል፤ መጨረሻው ከመጀመሪያው ይታየዋላ።

ከሽማግሌዎች ታሪክ መሰብሰብም ደጋግሞ ይታዘዛል፤ ደጋግሞም ይከሽፋል። ምክንያቱ ጥያቄው ነው። «ድሮ በዓል እንዴት ይከበር ነበር?» የተባሉ አያት «ድሮማ ፍቅር ነበር» ብለው ይመልሳሉ፣ ወጣቱም ያንን ጽፎ ይመጣል። ጥያቄው ዕቃ ይያዝ፦ «ጅራፍዎን ከምን ይገምዱት ነበር? የበዓል ልብስዎን ማን ሰፋልዎት? ለሙልሙሉ ዱቄቱ የት ተፈጨ?» እነዚህ ሦስቱ ብቻ ይጠየቁ፣ ከ10 ደቂቃ ያልበለጠ ድምፅ በፈቃዳቸው በስልክ ይቀረጽ። ከዚያ የተነገረው በሙሉ ቃል በቃል ይገልበጥ፣ በመጨረሻም በአያት አንደበት ወደ 200 ቃል ይጠር። መገልበጡ አሰልቺ ስለሆነ ይዘሉታል። መዝለል የለባቸውም፤ የአያት አነጋገር፣ ማለትም ቃል የሚደግሙበትና የሚያቋርጡበት ቦታ፣ የሚገኘው እዚያ ብቻ ነው።

ዒድ አል ፈጥርና ዒድ አል አድሃ በጨረቃ ስለሚቆጠሩ በየዓመቱ 11 ቀን ያህል ወደ ፊት ይቀድማሉ። የዓመቱን የልጆች ገጽ በመስከረምና በጥር ብቻ የሚያቅድ አዘጋጅ ይህን ይዘነጋል። ከላይ ያልነው ሁሉ፣ እንቆቅልሹም፣ ካርዱም፣ የተከለከሉት አራት ቃላትም፣ ለዒድ ሳይለወጡ ይሠራሉ።

ከዝግጅት ክፍሉ የምንጠይቀው እንግዲህ ይህን ነው። የውድድር ጥሪው የዕድሜ ክልልን ለያይቶ ለእያንዳንዱ አንድ ጠባብ ሥራ ይስጥ፤ የቃል ገደቡ ጣሪያ እንጂ ወለል አይሁን። «ቢያንስ 500 ቃል» የሚል ጥሪ ልጆችን ከቴሌግራም የተቀባበሉትን የመልካም ምኞት ጽሑፍ እንዲለጥፉ ይጋብዛል። ሲታረም ፊደልና ሥርዓተ ነጥብ ብቻ ይነካ። ልጁ «ዝናቡ ደክሞት ተቀመጠ» ብሎ ከጻፈ «ዝናቡ አባራ» ብሎ የሚያርም አራሚ ዓረፍተ ነገሩን ገድሎታል። ሲታተም የወላጅ ፈቃድ ይጠየቅ፣ የልጁ ስምና ዕድሜ ይበቃል፤ ሙሉ ስም፣ ትምህርት ቤት፣ ሰፈርና ፎቶግራፍ አንድ ላይ አይውጡ። ላልተመረጡትም ቢሆን የትኛው ዓረፍተ ነገራቸው እንደ ተወደደ በአንድ መስመር ይነገራቸው፤ ይህ ከሽልማቱ በላይ በሚቀጥለው ዓመት እንዲጽፉ ያደርጋቸዋል።

ስለ ጊዜውም አንድ ነገር። ለእንቁጣጣሽ እትም የሚወጣው ጥሪ ብዙ ጊዜ ጳጉሜን ላይ ይወጣል፤ ያኔ ቤቱም ልጁም ሥራ በዝቶባቸዋል፣ የሚላከውም በአንድ ምሽት የተጻፈ ነው። ጥሪው ነሐሴ እንደገባ ይውጣ፣ ማስረከቢያው ነሐሴ 25 ይሁን። ቡሄ በመሐል ስለሚውል ልጆቹ ግጥማቸውን በሰው በር ላይ ፈትነው፣ የደከመውን ስንኝ ቀይረው ለመላክ ከ10 ቀን በላይ ይተርፋቸዋል።

ከአክብሮት ጋር፣
የአማርኛ ቋንቋ መምህራንና የልጆች ጽሑፍ አራሚዎች